በአሮጌ የመድኃኒት ጠርሙስና ካርቶን ላይ የተለጠፈ የቀረጥ ቴምብርን ሳያበላሹ መሰብሰብ፦ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ቴምብር የተለጠፈበት የመድኃኒት ካርቶን ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሳህን ውሃ ሞልቶ ቴምብሩን መንከር ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የጦር መርከብ ሥዕል ያለበትን ቴምብር ከነካርቶኑ ቁራጭ ማታ ነክሬው አደርሁ፤ ጠዋት ውሃው ሐምራዊ ሆኖ፣ ቴምብሩ ጥቅም ላይ መዋሉን ለማሳየት የተመቱበት የኩባንያው ስም ምህጻርና ቀኑ ከቴምብሩ ላይ ጠፍተው ጠበቁኝ። በኋላ እንደተረዳሁት የዚያ ቴምብር ዋጋ ያለው በታጠበው ምልክት ላይ ነበር፤ ምልክት የሌለው ቴምብር በየሱቁ ሞልቷል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው በአሜሪካ የመድኃኒት ቀረጥ በተከፈለባቸው ሁለት ዘመናት የወጡትን ቴምብሮች ነው፤ እነርሱም ከኦክቶበር 1 ቀን 1862 እስከ ጁን 30 ቀን 1883 እና ከጁላይ 1 ቀን 1898 እስከ ጁን 30 ቀን 1901 ያሉት ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአገራችን በውልና በሰነድ ላይ ከሚለጠፈው የቀረጥ ቴምብር የሚለዩት አንድ መሠረታዊ ባሕርይ ስላላቸው ነው፤ ማሸጊያው ሲከፈት እንዲቀደዱ ታስቦ በቡሽና በካርቶን አፍ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ትእዛዝ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

የሚከተሉትን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሰናዱ፤ አንዱ ቢጎድል ሥራውን ለሌላ ቀን ያቆዩ።

1. 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር።
2. ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የቴምብር ወረንጦ። የቅንድብ ወረንጦ ወረቀት ስለሚወጋ አይጠቀሙበት።
3. የተጣራ ውሃና ሁለት ዝርግ ሳህኖች፤ ከእነዚህ አንዱ ጥቁር ይሁን።
4. ለቴምብር የተዘጋጀ የውሃ ምልክት (በወረቀቱ ውስጥ ያለ ደብዛዛ ጽሑፍ) መመርመሪያ ፈሳሽ።
5. ነጭ መጣጭ ወረቀት፣ ጥርት ያለ የፖሊስተር ፕላስቲክ ወረቀት፣ ለስላሳ ትንሽ ብሩሽና የጆሮ ጥጥ።
6. የጥርስ (በቴምብሩ ጠርዝ ያሉ ቀዳዳዎች) መለኪያ። በ1862 ዘመን የወጡት ቴምብሮች አብዛኞቹ ጥርሳቸው 12 ነው፤ ይህም በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 12 ቀዳዳ አለ ማለት ነው።
7. ጓንት፣ እርሳስና ፎቶግራፍ የሚያነሳ ስልክ።

ደረጃ 1፦ ጠርሙሱን እንደ መርዝ ይያዙት

በጠርሙሱ ውስጥ ቅሪት ካለ አይክፈቱት፣ አያሽትቱት፣ ወደ ማጠቢያ ገንዳም አይድፉት። በዚያ ዘመን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጡ የነበሩ መድኃኒቶች ኦፒየም፣ ሞርፊን፣ ሜርኩሪና ከፍተኛ መጠን ያለው አልኮል ይገባባቸው ነበር። ለሚያለቅሱ ሕፃናት ይሰጥ የነበረው «የሚስስ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ራሱ ሞርፊን ነበረበት። ጓንት አድርገው ጠርሙሱን በዚፕ በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያቁሙትና ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። ፈሳሹን ለማስወገድ ሲፈልጉ በአካባቢዎ አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበለውን የመንግሥት ክፍል ይጠይቁ።

ቡሹ አርጅቶ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጠርሙሱን በጎኑ አያስተኙት። ፈሳሹ ቴምብሩን ነክቶት ከሆነ በመጣጭ ወረቀት ጫፍ ብቻ ያንሱት፤ አይጥረጉት።

ደረጃ 2፦ ያገኙት በእርግጥ የቀረጥ ቴምብር መሆኑን ያረጋግጡ

በመጀመሪያ ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር ያንብቡ። እውነተኛው ቴምብር ቀረጡን የሰበሰበው የአሜሪካ የአገር ውስጥ ገቢ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍና የቀረጡን መጠን በሳንቲም ይይዛል። ከዚህ በኋላ ከሚከተሉት ሦስት መደቦች በአንዱ ውስጥ ያስገቡት።

1. መንግሥት ለሁሉም የሸጠው ቴምብር። የመጀመሪያው ዘመን የዋሽንግተን ምስል፣ የ1898ቱ ደግሞ የጦር መርከብ ሥዕል አለው። ሰብሳቢዎች በሚጠቀሙበት ስኮት በተባለው የአሜሪካ የቴምብር ካታሎግ ከ1871 ጀምሮ የወጡት «አር ቢ» በሚል መለያ ሥር ተመዝግበዋል።
2. የመድኃኒት አምራቹ በራሱ ስምና ሥዕል ያስቀረጸው የግል ቴምብር። የሎውኤሉ ኤየር፣ የፊላደልፊያው ጄይን፣ የፒትስበርጉ ሆስቴተርና ስሚዝ የዚህ ምሳሌ ናቸው። በካታሎጉ መለያቸው «አር ኤስ» ነው። ሰብሳቢዎች አብልጠው የሚፈልጉት ይህንን መደብ ነው።
3. ቴምብር የሚመስል የኩባንያ ወረቀት። ቀረጡ በ1883 ሲቀር፣ ገዢው በቡሹ ላይ ያንን ወረቀት ማየት ለምዶ ስለነበር፣ ብዙ ኩባንያዎች ያንኑ ሥዕል እያተሙ መለጠፋቸውን ቀጠሉ። ሥዕሉ፣ ጠርዙ፣ አንዳንዴም ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፤ የሌለው የገቢው መሥሪያ ቤት ስምና የሳንቲሙ ቁጥር ነው።

ጀማሪ ገንዘቡን የሚያጣው ከሁሉ በላይ በሦስተኛው መደብ ነው። ሻጩም ብዙ ጊዜ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ስለዚህ «ያገኘሁት ከአሮጌ ጠርሙስ ላይ ነው» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ቴምብር ላይሆን ይችላል። የሳንቲሙ ቁጥር ያለበት ቦታ ተቀድዶ ከጎደለ የካታሎጉን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጠው በቀረው ክፍል ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

ደረጃ 3፦ ቀረጡንና የመድኃኒቱን ዋጋ ያስተያዩ

ካርቶኑ ወይም የጠርሙሱ ወረቀት የመሸጫ ዋጋ ተጽፎበት እንደሆነ ይህን ደረጃ አይዝለሉት፤ ደቂቃ የማይፈጅ ሲሆን ብዙ ማታለልን ያጋልጣል።

በመጀመሪያው ዘመን ዋጋው እስከ 25 ሳንቲም ለሆነ መድኃኒት 1 ሳንቲም፣ እስከ 50 ሳንቲም ለሆነው 2፣ እስከ 75 ሳንቲም ለሆነው 3፣ እስከ 1 ዶላር ለሆነው 4 ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ ከ1 ዶላር በላይ ለእያንዳንዱ 50 ሳንቲም 2 ሳንቲም ይጨመር ነበር። የ1 ዶላር ከ50 ጠርሙስ 6 ሳንቲም፣ የ2 ዶላሩ 8 ሳንቲም መሸከም አለበት ማለት ነው። በ1898 ዘመን ደግሞ እስከ 5 ሳንቲም ለሚሸጥ 1/8 ሳንቲም፣ እስከ 10 ለሚሸጥ 1/4፣ እስከ 15 ለሚሸጥ 3/8፣ እስከ 25 ለሚሸጥ 5/8 ሳንቲም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 25 ሳንቲም 5/8 ይጨመር ነበር። በዚህ ስሌት የ1 ዶላር ጠርሙስ 2 ተኩል ሳንቲም ይደርስበታል።

ሂሳቡ ካልገጠመ ወዲያው «ሐሰት ነው» አይበሉ። በመጀመሪያ በጠርሙሱ አንገት ሌላኛ ወገን ሁለተኛ ቴምብር መኖር አለመኖሩን ይፈልጉ፤ ቀረጡ በሁለት ቴምብር ተከፍሎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሙጫውን ዕድሜ ይመልከቱ፦ የቆየ ሙጫ ቡናማና የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ አቧራው ከቴምብሩም ከካርቶኑም ላይ እኩል ተኝቷል። በቴምብሩ ሥር ያለው ካርቶን ከዙሪያው ጋር አንድ ዓይነት የደበዘዘ ከሆነ ቴምብሩ የተለጠፈው በቅርቡ ነው።

ደረጃ 4፦ ይላቀቅ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ? ውሳኔው ከውሃ በፊት ነው

ከታች ካሉት አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ ቴምብሩን አያላቅቁት።

1. ማሸጊያው ሙሉ ነው፣ ወይም ቴምብሩ ሳይቀደድ በተዘጋው አፍ ላይ ይገኛል።
2. ከፊሉ ቴምብር በካርቶኑ ክዳን፣ ከፊሉ በአካሉ ላይ ነው። ሁለቱ ግማሾች እንዴት ይለጠፍ እንደነበረ ስለሚያሳዩ አብረው ይቆያሉ።
3. የስም ምህጻሩ ወይም ቀኑ ከቴምብሩ ወጥቶ በካርቶኑ ላይ ጭምር አርፏል።
4. ቴምብሩ በቫርኒሽ ወይም በሰም ተሸፍኗል።
5. ቴምብሩ የ1871 መደብ ነው፤ ይኸውም በቀለማዊ ወረቀት ላይ በአረንጓዴ ታትሞ መካከሉ ላይ ጥቁር የዋሽንግተን ምስል ያለበት ነው። ወረቀቱም ቀለሙም ቴምብር አጥቦ ዳግም ለመጠቀም የሚሞክረውን ለማጋለጥ የተመረጡ በመሆናቸው ለውሃ ደካማ ናቸው።

ከነዚህ ውጭ ከሆነ የቀለም ፈተና ያድርጉ። የጆሮ ጥጡን በተጣራ ውሃ አርጥበው ይጭመቁት፤ በምልክቱ ወይም በጽሑፉ ጥግ ላይ ለ5 ሰከንድ ብቻ ያሳርፉትና ያንሱት። ጥጡ ላይ ጥላ የምታህል ቀለም እንኳ ከታየች ሥራው በዚህ አብቅቷል፤ ቴምብሩ ከነቁራጩ ይቀመጥ። በተለይ በ1898 ዘመን በማኅተም የተመቱ ሐምራዊ ምልክቶች ይህን ፈተና አያልፉም። የእኔው ካርቶን ላይ ይህን 5 ሰከንድ አላዋልሁም።

ፈተናውን ቢያልፍም ከመንካትዎ በፊት ከፊት፣ ከጎንና ከቅርብ ሦስት ፎቶግራፍ ያንሱ።

ደረጃ 5፦ ማላቀቅ

*ቴምብሩ በወረቀት ወይም በካርቶን ላይ ሲሆን*

1. በቴምብሩ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር አስተርፈው ካርቶኑን ይቁረጡ። ካርቶኑ ወፍራም ከሆነ የኋላ ንብርብሮቹን በእጅዎ ቀስ እያሉ በመግፈፍ ያሳሱት፤ ያለዚያ ውሃው እስኪደርስ ቴምብሩ ከሚገባው በላይ ይረጥባል።
2. በሳህን ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ለብ ያለ የተጣራ ውሃ ያድርጉ። ሙቅ ውሃ በፍጹም አይጠቀሙ።
3. ቁራጩን የቴምብሩ ፊት ወደ ላይ ሆኖ በውሃው ላይ እንዲንሳፈፍ ይተዉት። አያስምጡት፤ ውሃው ከሥር ወደ ላይ ይምጣ።
4. በየ5 ደቂቃው በብሩሹ ጫፍ አንዱን ጥግ ይንኩት። ጥጉ ራሱ ካልተነሳ ይጠብቁ። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል።
5. ሲላቀቅ በወረንጦ አያንሱት። የፖሊስተሩን ወረቀት በውሃው ውስጥ ከቴምብሩ ሥር አስገብተው እንደ ትሪ ይዘው ያውጡት። የተቀደደ ቴምብር እርጥብ ሳለ በራሱ ክብደት እንኳ ቀደዳው ይረዝማልና ይህ ትእዛዝ የሚዘለል አይደለም።
6. በንጹሕ ውሃ በሁለተኛው ሳህን አንድ ጊዜ ያለቅልቁት፤ በጀርባው የቀረውን ሙጫ በብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያንሱ።
7. በሁለት መጣጭ ወረቀት መካከል አድርገው ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበት፤ ከ1 ሰዓት በኋላ መጣጩን ይቀይሩና ለ24 ሰዓት ይተዉት።

*ቴምብሩ በጠርሙስ ላይ ሲሆን*

ጠርሙሱን በውሃ አይሙሉት፣ እንፋሎትም አያሳዩት፤ የጥንቱ ብርጭቆ ድንገተኛ ሙቀት ሲነካው ይሰነጠቃል። በዚህ ፈንታ ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ረጥቦ የተጨመቀ ስፖንጅ ያድርጉና ጠርሙሱን ስፖንጁን ሳይነካ አስቀምጠው ይክደኑት። እርጥበቱ ሙጫውን ለማላላት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በየ2 ሰዓቱ ይመልከቱ። ጥጉ ሲነሳ የፖሊስተሩን ጠርዝ ከሥሩ እያስገቡ በጥቂቱ ያራምዱት። ምላጭ አይጠቀሙ። የኩባንያው የጠርሙስ ወረቀት በዚሁ እርጥበት መላላቱ ስለማይቀር፣ እርሱም ዋጋ ያለው ከሆነ ይህን ሥራ መተው ይሻላል፤ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

*አንድ ነገር ሲበላሽ*

- ቀለም መፍሰስ ከጀመረ፦ ቁራጩን ወዲያው አውጥተው ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በመጣጭ ላይ ያሳርፉት። በላዩ ላይ ሌላ መጣጭ አይጫኑ፤ የቀረውን ቀለም ይወስደዋልና።
- ቴምብሩ ለሁለት ከተለየ፦ ሁለቱንም በአንድ ፖሊስተር ላይ አጠጋግተው ያድርቋቸው። ግልጽ ፕላስተር አይለጥፉባቸው፤ የፕላስተር ሙጫ ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ቢጫ አድርጎ ዘልቆ ይገባል።
- ከ1 ሰዓት በኋላም ካልተላቀቀ፦ ሙጫው በውሃ የሚሟሟ አይደለም። አይጎትቱት፤ አድርቀው ከነቁራጩ ያስቀምጡት።
- ሲደርቅ ከተጠቀለለ፦ በእርጥበት ዕቃው ውስጥ ለ30 ደቂቃ መልሰው እንደገና በመጽሐፍ ይጫኑት።
- ሻጋታ ካዩ፦ ከሌሎች ለይተው በደረቅና አየር በሚገባበት ቦታ ያድርቁት፤ ከዚያ በፊት በብሩሽ አይንኩት፤ ብናኙ ይሰራጫል።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱን መለየት

በመጀመሪያው ዘመን አንዱ የግል ቴምብር በተለያየ ወረቀት ላይ ስለታተመ፣ ሥዕሉ አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋው እጅግ ሊራራቅ ይችላል። ካታሎጉ አራት ዋና ወረቀቶችን ይለያል፦ ከ1862 እስከ 1871 አሮጌው ወረቀት፣ ከ1871 እስከ 1877 የሐር ክር ያለበት፣ ከ1877 እስከ 1878 ሐምራዊ ቀይ መልክ ያለው ወይም ሮዝ የሚባለው፣ ከ1878 እስከ 1883 የውሃ ምልክት ያለበት። በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ፈሳሹን ያለ ምክንያት ያባክናል።

1. ሐር። ቴምብሩ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው በ10 እጥፍ መነጽር ከጥግ ወደ ጥግ ይቃኙት። የሚፈልጉት ከሽፋሽፍት የቀጠነ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ክር ነው። ክሩን በብሩሽ ይንኩት፤ ከተንቀሳቀሰ የልብስ ክር ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ በወረቀቱ ውስጥ ነው። ክሩ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ካታሎጉ ለብቻው የሚዘረዝረው የሙከራ የሐር ወረቀት ሊሆን ስለሚችል ፊቱንም ይቃኙ።
2. ሮዝ። ከመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን፣ በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው፣ ወረቀቱ በእርግጠኝነት ከሚታወቅ ሌላ ቴምብር ጋር ያስተያዩት። በቢጫ አምፖል ሥር ሁሉም ወረቀት ሮዝ ይመስላል። የካርቶን ቀይ ቀለም የነካው ወረቀትም እንዲሁ ያታልላል። የእነዚህን ቴምብሮች መቀደድ የምንጠቀምበት እዚህ ላይ ነው፤ ቀደዳው የወረቀቱን ውስጥ ስለሚያሳይ፣ ሮዝነቱ በተጎለጎሉት የቀደዳው ጭረቶች ውስጥም ካለ እውነተኛ ነው፤ ጭረቶቹ ነጭ ሆነው ላዩ ብቻ ከቀላ የነካው ቀለም ነው።
3. የውሃ ምልክት። መስኮት ይክፈቱ፤ ሲጃራ፣ ሻማና ምድጃ ያጥፉ፤ ፈሳሹ በቀላሉ ሊቀጣጠል ይችላል። ቴምብሩን በጥቁሩ ሳህን ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርገው ጥቂት ጠብታ ያፍስሱበት። የሚፈልጉት በድርብ መስመር የተሠሩትን «ዩ ኤስ አይ አር» (USIR) የሚሉ ትልልቅ የላቲን ፊደላት ነው፤ ወረቀቱ በፊደሉ ላይ ስለሚሳሳ የጥቁሩ ሳህን ጥላ በዚያ ይበረታል። ፊደላቱ ትልልቅ ስለሆኑ ሙሉ ቃል አይጠብቁ፤ የአንድ ፊደል ቅስት ወይም ሁለት ትይዩ መስመሮች ብቻ ሊታዩ ይችላሉ። ምልክቱ የሚታየው ፈሳሹ ተንኖ እስኪያልቅ ለጥቂት ሰከንድ በመሆኑ ስልክዎን አስቀድመው ያዘጋጁ።
4. ከሦስቱ አንዱም ካልታየ ወረቀቱ አሮጌው ነው። ውጤቱ ግራ ካጋባዎት አድርቀው በማግስቱ ይድገሙት።

የ1898ቱን የጦር መርከብ ቴምብር የሚለዩት በጠርዙ ነው። አንዱ ዓይነት ወረቀት ሳይነሳ በስለት ብቻ የተሰነጠቀ ሲሆን ልኩ 5 ተኩል ነው፤ ሌላው ቀጫጭን ሰረዝ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ሲኖሩት ልኩ 7 ነው።

ደረጃ 7፦ ጥገናንና ማጭበርበርን መፈለግ

እንከን የለሽ ቴምብር ሲያዩ ደስታዎን ያዘግዩ። ቴምብሩ ሊቀደድ የተለጠፈ እስከሆነ ድረስ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ሳይለጠፍ ቀርቶ፣ ማሸጊያው ሳይከፈት ቆይቶ ወይም ተጠግኖ ነው።

1. በውሃ ምልክት ፈሳሹ ውስጥ ሳለ ጀርባውን ይመልከቱ፤ የተሞላ ቀዳዳና የተጣበቀ ቀደዳ ከዙሪያው ጠቆር ወይም ነጣ ብሎ ይታያል።
2. በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ያብሩበት፤ ለጥገና የገባ ዘመናዊ ወረቀት ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል።
3. አራቱንም ጎን በመለኪያው ላይ ያሳርፉ። ሦስቱ ጎን 12 ሆነው አራተኛው ከተለየ ጥርሱ ዘግይቶ የተበሳ መሆኑን ይጠርጥሩ።
4. ጥርስ አልባ ተብሎ ለሚሸጥ ቴምብር የጠርዙን ስፋት ይለኩ፤ ጠባብ ጠርዝ ጥርሱ በመቀስ የተከረከመ ሊሆን ይችላል። እንደ ጄይን ያሉ አንዳንድ አምራቾች ግን ቴምብራቸውን በቅርጹ ዙሪያ ያስቆረጡ ስለነበር፣ የእነዚህ ጥርስ ማጣት በራሱ የማጭበርበር ምልክት አይደለም።

ደረጃ 8፦ ሲገዙ

የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶግራፍ ይጠይቁ፤ የጀርባውን የማይልክ ሻጭ ካጋጠመዎት ይለፉት። «ጥገና አለው ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። ዋጋው ቢሳሳቱ በሚያንገበግብዎት ልክ ከሆነ ግዢውን በምርመራ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ያድርጉ፤ በፔንሲልቬንያ የሚገኘው የአሜሪካ ፊላቴሊ ማኅበርና በኒው ዮርክ የሚገኘው ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን ቴምብር መርምረው የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። የካታሎግ ዋጋ የተቀመጠለትን የጥራት ደረጃ በካታሎጉ መግቢያ ላይ ሳያነቡ በተቀደደ ቴምብር ላይ ያንን ዋጋ አይክፈሉ።

ደረጃ 9፦ ማስቀመጥ

ቴምብሩን ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ ነጻ በሆነ የፖሊስተር ኪስ ውስጥ ያድርጉ፤ የሚያጣብቅ ገጽ ያለውን የፎቶ አልበም አይጠቀሙ። ፀሐይ፣ ማድ ቤትና ምድር ቤት ይራቁት። ሙሉ ካርቶን ከሆነ በውስጡ የተጨማደደ አሲድ አልባ ወረቀት አስገብተው ቅርጹ እንዳይጨፈለቅ ያድርጉ።

ለእያንዳንዱ ቴምብር በእርሳስ ካርድ ይጻፉ፦ የካታሎግ ቁጥር፣ የወረቀቱ ዓይነት፣ የተገኘበት ዕቃ፣ የተከፈለው ዋጋ፣ ጉድለቱ፣ በውሃ የተላቀቀ መሆን አለመሆኑ። ሁለት ግማሽ የሆነ ቴምብር በአንድ ኪስና በአንድ ካርድ ይቀመጥ፤ ለየብቻ ካስቀመጧቸው ከዓመት በኋላ የየትኛው ግማሽ የትኛው እንደነበር ራስዎም አያስታውሱትም።